ቡኒው የመስታወት ድስት እሳት ላይ ይጣዳል ወይ ላልሽው

እታለም፣ ከቡሬ የጻፍሽውን አየሁት። «እናቴ ከጅዳ ይዛው የመጣች ቡኒ የመስታወት ድስት አለኝ፤ ምድጃ ላይ ብጥደው ይፈነዳል? ሌላ ልጨምር ብልስ ምን ልይ?» ነው ያልሽው። ከስር «መስታወት እኮ ነው፣ ተይው» ያሉሽንም፣ «ምንም አይልም፣ ጣጂው» ያሉሽንም አትስሚ። ሁሉም ዕቃውን ሳያዩ ነው የመለሱልሽ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ይህን ድስት መሰብሰብ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፤ ዛሬ 11 አለኝ። እዚህ ለመድረስ ያጣሁትን አንቺም እንዳታጪ ብዬ ነው የማረዝመው።

1. ቀለሙን እርሺው። ድስቱን ገልብጠሽ ከታችና እጀታው ላይ የተቀረጸውን በቀን ብርሃን አንብቢ። የድስቱ ስም «ቪዥን» ወይም «ቪዥንስ»፣ አብሮትም የሠራው የአሜሪካ የብርጭቆ ኩባንያ ስም «ኮርኒንግ» በፈረንጅ ፊደል ማግኘት አለብሽ። ብዙዎቹ ላይ የሚይዙት ሊትርም ተጽፎባቸዋል። «ፈረንሳይ» የሚለው ብቻውን ግን አይበቃም። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው።

ከ5 ዓመት በፊት አንዲት ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ዕቃዋን ስትሸጥ ደርሼ ጎድጓዳ፣ ወፍራም፣ ማር የመሰለ ዕቃ አየሁ። ገልብጬ ሳየው ፈረንሳይ የተሠራ ይላል። ቤቴ ካሉት ጋር ቀለሙ አንድ ነው። 1,800 ብር ቆጥሬ ከፈልኩ። የፋሲካ ሌሊት በ9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ ተሰብስቦ እየጠበቀ፣ ቀን የሠራሁትን ዶሮ ወጥ ወደ እሱ ገልብጬ ስቶቭ ላይ ጣድኩት። እንግዳ ፊት በዚያ ላቀርበው ነበር ሐሳቤ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ እንደ ጥይት ጮኸ። 12ቱም ብልት፣ እንቁላሉ፣ ከአገር ቤት የመጣው ቅቤ፣ ሁሉም ከብርጭቆ ፍርካሽ ጋር መሬት ላይ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ያን ሌሊት የፈሰክነው በአይብ ነው። ልጆቹ በባዶ እግራቸው አለመኖራቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ያ ዕቃ ቡኒ ቀለም ያለው ተራ ጠንካራ ብርጭቆ ነበር። እንዲህ ያለው ብርጭቆ ሲሠራ ግሎ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ቢጥሉት ቶሎ አይሰበርም፤ ነገር ግን ታቹ እሳት ላይ ግሎ አፉ ቀዝቃዛ ሲሆን አይችልም፤ ሁለመናው በአንድ ጊዜ ይበተናል። ለገበታ እንጂ ለምድጃ አልተሠራም። ፓይሬክስ የሚባለው የብርጭቆ ዕቃም ቡኒ ዓይነት አለው፤ እሱም የኦቨን ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም።

የእኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ግላስ ሴራሚክ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዶናልድ ስቱኪ የሚባል የኮርኒንግ ተመራማሪ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ በ600 ዲግሪ ሊያግል ምድጃ ውስጥ ከተተ። ምድጃው ከልክ አልፎ 900 ደረሰ። ቀልጦ ፈስሷል ብሎ ሲከፍተው ብርጭቆው ቅርጹን እንደያዘ ነጭ ሆኖ ጠበቀው፤ በጉጠት ሲያወጣው ደግሞ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀና ሳይሰበር ቀረ። ብርጭቆው ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች በቅለው ነበር። ከዚያ ኮርኒንግ ዌር የሚሉት ነጩ የማብሰያ ዕቃ በ1958 ገበያ ወጣ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ቡኒውን የሠራው የኩባንያው የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፤ አሜሪካ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክሪስታሎቹ ከብርሃን ሞገድ ስለሚያንሱ ብርሃን ያልፋቸዋል። ሲግል ክሪስታሉ ይኮማተራል፣ በመካከሉ ያለው ብርጭቆ ይለጠጣል፣ ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ስለዚህ ድስቱ በሙቀት በቀላሉ አይሰነጠቅም። በማስታወቂያቸው ላይ የብረታ ብረት መጥበሻ በዚህ ድስት ውስጥ ሲቀልጥ ያሳዩ ነበር። የእናትሽ ዕቃ ይህ ከሆነ ውድ ነገር ነው የተወችልሽ።

2. ክዳኑ ላይ «ፓይሬክስ» የሚል ብታዪ አትደንግጪ፤ የራሱ ነው። ነገር ግን ክዳኑ እንደ ድስቱ አይደለም፤ ተራ የሙቀት ብርጭቆ ስለሆነ እሳት አታስነኪው፣ ከነትኩሳቱም ቀዝቃዛ ውሃ አታድርጊበት። እኔ ክዳን ያጣሁት ግን በእሳት አይደለም። እህቴ ሦስት ድስት በካርጎ ልካልኝ አዲስ አበባ ልቀበል ሄድኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ተሰባሪ» ተብሎ ተጽፏል። የቢሮው ሠራተኛ ዓይኔ እያየ በእግሩ ገፋው። ከፍቼ ሁለት ክዳን ተሰብሮ ሳሳየው «ድስቱ ደህና አይደል? ክዳን ምን ይሠራል?» አለኝ። ኃላፊ ልጥራ ብል እስከ 9 ሰዓት አስቀመጡኝ፤ የመጣውም «ፈርመሻል» ብሎ ሸኘኝ። አዎ፣ ሳልከፍት ነው የፈረምኩት። አንቺ ግን ሳትከፍቺ እንዳትፈርሚ፤ ከኋላሽ ሰልፍ ቢጮህም ክፈቺ፣ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ፈርሚ። የተረፉትን ለአውቶቡስ ረዳት አልሰጠሁም። በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ዓባይ በረሃን የወረድኩት፣ የወጣሁትም፤ ደጀን ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ መቆም አቅቶኝ ነበር። አንድ አልተጫረም።

3. ሲሠሩበት ጠባዩን ማወቅ ነው። ሙቀት ቶሎ አያሰራጭም፤ እሳቱ የነካው ቦታ ብቻ ይግላል። ሽንኩርት በደረቁ ላቁላላ ብትዪ መሃሉ ያራል፤ ከመጀመሪያው ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ እሳቱንም ቀንሺ። ሽሮ ግን ሲንተከተክ በጎኑ እያየሽ መሥራት ምን ያህል ደስ እንደሚል ስትሞክሪው ታውቂዋለሽ። ከምድጃ ካወጣሽው በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አሁን አሁን የመጣው፣ በማግኔት ኃይል ብረትን የሚያግለው ኢንዳክሽን ምድጃ አይሠራለትም፤ ብረት የለበትም። በሽቦ አትፈትጊው፤ ይጫጫርና ውበቱ ይጠፋል። ያረረውን በቤኪንግ ሶዳ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ይለቃል።

ሙቀት ቻለ ማለት ደግሞ አይሰበርም ማለት አይደለም። ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ስለታም ሆኖ ይበታተናል። ስትገዢም አፉን በጥፍርሽ ዙሪያውን ዳብሺው፤ የተሸረፈ ካገኘሽ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ክራንቤሪ የሚሉትን ቀላ ያለውን ካገኘሽ ግን አትለፊው። እሱ ከቡኒው በኋላ የመጣ ነው፤ እኔ በ9 ዓመት ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

አሁን ድስቱን ገልብጪና የታቹን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። እስካየው ድረስ አትጣጂው።