«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ካልን ነጠላው ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ነዎት፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ የማታ ሺፍት ስሆን ጠዋት ሰርቪሱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሚያወርደን ኪዳን አድርሼ ነበር ወደ ቤት የምገባው። ከሁለት ወር በፊት በሱሪዬ ያለ ነጠላ ስገባ አንዲት ትልቅ ሴት በሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ጭፈራ ቤት መሰለሽ ወይ» ብለው መለሱኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሄጄ አላውቅም። አብራኝ የምትሰራ ልጅ ደሞ «ተያቸው፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ ነጠላ አጣፍተው የሚውሉት ናቸው ሰው ሲያሙ የሚያመሹት» ትለኛለች። እውነቷን ነው ወይ? ውስጤ ንጹህ ከሆነ ውጪው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም ጻፍሽልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ስር ቆመሽ አድረሽ፣ በዛ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ እንቅልፍሽን ትተሽ ኪዳን ልትቆሚ መሄድሽን ሳነብ እኔው ነኝ ያፈርኩት፣ ደወሉን እየሰማሁ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዬ የምስብበት ቀን አለና።

ስለ ቀሚሱና ስለ ነጠላው ሥርዓት አላስተምርሽም፣ ታውቂዋለሽ፣ ባታውቂው ኖሮ ያን ያህል አታፍሪም ነበር። እኔ መቆየት የምፈልገው ጓደኛሽ የጠቀሰችው ጥቅስ ላይ ነው። ይቺን ጥቅስ ስንት ቦታ ሰምቻታለሁ መሰለሽ፣ ጾሙን መተው የፈለገ ይጠቅሳታል፣ የንስሐ አባቱን መሸሽ የፈለገ ይጠቅሳታል፣ ማተቡን የበጠሰው ይጠቅሳታል፣ ሰርግ ቤት ሁለተኛው ብርሌ ላይ የደረሰውም ይጠቅሳታል። ሁሉም ግን ግማሿን ነው የሚያውቃት።

እስኪ 1ኛ ሳሙኤል 16ን ክፈቺው። ሳሙኤል ዘይቱን ይዞ ቤተልሔም እሴይ ቤት ገባ፣ የበኩር ልጁን ኤልያብን አየው፣ ቁመቱ ሎጋ፣ መልኩ ያማረ፣ ይሄ ነው እንግዲህ አለ በልቡ። እግዚአብሔር ግን «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» አለው። ለማን ነው ያለው? ለሳሙኤል። ለሚያየው ሰው! ለኤልያብ አይደለም። ኤልያብማ ልቡ ታይቶ የተናቀው ሰው ነው። እኛ ግን ይቺን ቃል ልክ የምስራች እንደተነገረን አድርገን «እሱ ልቤን ያያል» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። እኔን እኮ ያስፈራኛል፣ ለኔ ቢሆን ነጠላዬን ብቻ አይቶ ቢያልፈኝ በተሻለኝ ነበር፣ ነጠላዬ ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባል።

ታሪኩ ደሞ እዛ ላይ አያልቅም። አንድ ምዕራፍ እለፊ፣ 17 ቁጥር 28 ላይ ዳዊት ለወንድሞቹ ስንቅ ይዞ ጦር ሜዳ ሲመጣ ይሄው ኤልያብ ተቆጥቶ ምን ይለዋል? ኩራትህንና የልብህን ክፋት አውቃለሁ ይለዋል! ልብ በይ፣ የዳዊትን ልብ እግዚአብሔር አይቶ መርጦታል፣ የራሱን የኤልያብን ልብ አይቶ ትቶታል፣ አሁን ግን ኤልያብ ተነስቶ የሰው ልብ አየሁ እያለ ነው። አይቶ የሚፈርደው እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ እሱ ወንበሩ ላይ ወጣ።

አሁን ጓደኛሽን አስቢያት። እወዳታለሁ፣ አንቺን ለማጽናናት ብላ ነው፣ ግን ያደረገችው ምንድነው? እናትየዋ ሱሪሽን አይተው ፈረዱብሽ፣ እሷ ደሞ ነጠላቸውን አይታ ልባቸው ውስጥ ሐሜት አገኘች። ማን ነው የባሰው? የልብስ ፈራጅ ቢያንስ የሚያየውን ነው የሚያወራው። ልብን ያየሁ የሚል ግን ያላየውን ነው የሚመሰክረው። «ነጠላ የለበሰ ሁሉ ግብዝ ነው» ማለትኮ ሰውን በልብሱ መፍረድ ነው እህቴ፣ ልብሱ ተቀየረ እንጂ ፍርዱ ያው ነው። ይሄን ስህተት አስተውዬ ሳይ ከተማ ያለው ወጣት ጋር በዝቶብኛል፣ እናቶቹን ግብዝ ሲል የራሱን ትህትና አብሮ ፖስት ያደርጋል።

የራሴን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ መንዝ አብነት ትምህርት ቤት እያለሁ እናቴ በገበያተኛ እጅ ጋቢ ላከችልኝ፣ ራሷ የፈተለችው፣ ወፍራም፣ ከሸማኔው ቤት እንደወጣ። እኔ ምን አደረግኩ? ከመኝታዬ ሳር ስር ሸሸግኩት። ጋቢ የለበሰ ተማሪ ቁራሽ ሲለምን ማን ያዝንለታል፣ በተቀደደ ደበሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ግን የእናቶች አንጀት ይላወሳል፣ ደሞ እውነቱን ለመናገር ከቁራሹ በላይ «ይሄ ልጅ እንዴት ያለ መናኝ ነው» መባሉ ነበር የሚጥመኝ። ታዲያ ውርጭ በወረደበት አንድ ሌሊት አጠገቤ የሚተኛው ትንሽ ልጅ፣ ገና ፊደል የሚቆጥር፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እሰማለሁ። ጋቢው ከጆሮዬ ስር ነው ያለው፣ ሳሩ ውስጥ። ባወጣው ነገ ተማሪው ሁሉ ያየዋል። አላወጣሁትም። ጠዋት የኔታ ፊት ስቀርብ፣ እኛ ዓይናቸው ደክሟል ነበር የምንለው፣ ከጸጉሬ ላይ አንዲት ቀጭን የጥጥ ክር መዘው አወጡና በጣታቸው እያሾሩ «ደበሎው ለማን ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ወደ ቀለሙ ገቡ። የዛን ለት ማታ ጋቢውን ልጁ ለብሶት አደረ፣ እኔ ግን ያ ጥያቄ እስከዛሬ አለቀቀኝም፣ ቀሚስ ለብሼ ጥምጥም ጠምጥሜ ዓውደ ምሕረት ላይ ስወጣም ይጠይቀኛል።

እንግዲህ ቡትቶም ለታይታ ይለበሳል ማለት ነው። ሱሪም ለታይታ ይለበሳል፣ ነጠላም። ሁሉም እንዲህ ከሆነ ታዲያ ውጪው ምንም ነው ወይ ትይኛለሽ፣ አይደለም። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነው የምትለብሺው። ማን አስገደደሽ? «ሐዘኔ በልቤ ነው፣ ጥለቱ የትም ቢሆን ምን አገባው» ብለሽ በዘፈን ቤት ልብስሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ? አትሄጂም፣ የሞተባት ሴት አይታሽ ታነባለችና፣ ልብስሽ ካንቺ ቀድሞ አዝኛለሁ ይላታል። ልብሽ ያላዘነ ከሆነ ነጠላውን አስር ጊዜ ብታዘቀዝቂው ውሸት ነው፣ ልብሽ ካዘነ ግን እጅሽ ሳታስቢው ያዘቀዝቀዋል። ጌታም ማቴዎስ 23 ላይ ፈሪሳውያንን ሲገስጽ ውጪውን ጣሉት አላለም፣ «ውጭው ደግሞ ጥሩ እንዲሆን አስቀድመህ የጽዋውንና የወጭቱን ውስጥ አጥራ» ነው ያለው። ቡና ስታፈዪ ውስጡ ጸድቶ ውጪው አተላ የደረቀበት ስኒ ለእንግዳ ታቀርቢያለሽ? ውስጡ ጸድቷል ብለሽ ትከራከሪያለሽ?

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ያንቺው ከተማ ታሪክ ይናገራል። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለሃይማኖት የሚቀኑ፣ መጻሕፍት የጻፉ፣ ጥንቆላን ያሳደዱ ንጉሥ ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ደግሞ ሰይጣንን እክዳለሁ የሚል ጽሑፍ እንዲያደርግ አዘው ነበር። አስቢው፣ አገሩ ሁሉ ግንባሩ ላይ ሥላሴ! ግን በዛው ዘመን እገሌ ጣዖት ያመልካል እያሉ በሐሰት የሚያሳጡ ሰዎች ተነስተው ብዙ ሰው እንዳስቀጡ ያው ዜና መዋዕል ይነግረናል። ያሳጣውም የተቀጣውም ግንባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው። ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፣ ቅንዓታቸው ለኛ በደረሰን፣ ግን ንጉሥም ቢሆን ልብ ላይ መጻፍ አይችልም።

አሁን ደግሞ በር ላይ ለሚቆሙት እናቶችና አባቶች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሥርዓት ማስተማር ሌላ ነው፣ ሰው ማባረር ሌላ ነው። ሥርዓት የሚያስተምር ሰው ጠጋ ብሎ በጆሮ ይናገራል፣ ከትከሻው ላይ ነጠላውን አውርዶ «ልጄ ይቺን ጣል አድርጊ» ይላል፣ ሲወጡ ይቀበላል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያለውን «በዚህ ተቀመጥ» ድሃውን «ወደዚያ ቁም» የሚሉትን ነው የወቀሰው፣ የኛ ደሞ ይባስ ብሎ ከነጭራሹ ውጪ ሆነ። ይቺ ልጅ ሁለት ወር ኪዳን ቀርታለች፣ ሁለት ወር! ማን ነው የሚጠየቅበት? በዚህ ጉዳይ ለስላሳ መሆን አልችልም ይቅር በሉኝ።

ግን አንቺም እህቴ፣ የመጀመሪያው ቀን የሳቸው ነው፣ ሁለቱ ወር ያንቺ ነው። እሳቸውን ልታዪ አልነበረም የምትሄጂው። ቂሙ ውስጥ ተቀምጠሽ «ውስጤ ንጹህ ነው» ስትይ ትንሽ ቆም ብለሽ እዪው፣ እኔ ዓይኔ አያየውም፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው።

ለነገው ግን ነጠላና ከሱሪው በላይ የሚጠለቅ አንድ ሰፊ ቀሚስ በፌስታል አድርገሽ ፋብሪካ ሎከርሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ ከሰርቪስ ስትወርጂ ደርበሽ ግቢ። የረሳሽ ቀን ደሞ በዛው አትቅሪ፣ ቅጥር ግቢው ውስጥ ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ ኪዳኑ እዛም ይሰማል። እናትየዋን በር ላይ ካገኘሻቸው ቀድመሽ «እንደምን አደሩ እናቴ» በያቸው። ያን ለት የመለሷት አንቺ መሆንሽን ረስተውትም ይሆናል።