ክትባቱን ጨርሼ አንቲቦዲዬ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም ዙር ከወሰድኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ለተግባር ልምምድ ስመረመር የአንቲቦዲ መጠንሽ 6 ነው ተባልኩ። ክትባቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ይከላከላል የሚባለው የአንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ቁጥር ግን በደንብ የሚታመነው ከመጨረሻው መርፌ 1 ወይም 2 ወር በኋላ ሲለካ ነው፤ ያኔ አለመለካትዎ ነው ነገሩን ያወሳሰበው። አንቲቦዲው በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ቫይረሱን የሚያስታውሱት የመከላከያ ሴሎች ግን አብረውት አይጠፉም። ቫይረሱ በሽታ እስኪያደርስ ሳምንታት ስለሚፈጅበት፣ እነሱ ለመንቃት ጊዜ ያገኛሉ።

አንድ ተጨማሪ መርፌ ይውሰዱና ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ይለኩ። 10 ከሞላ በቃ። ካልሞላ ቀሪዎቹን ሁለት መርፌዎች ጨርሰው እንደገና ይለኩ። አሁንም እምቢ ካለ የቫይረሱን አንቲጂን (የላይኛው ሽፋኑን ፕሮቲን) ይመርመሩ፤ ቀድሞ በቫይረሱ ተይዞ የቆየ ሰው በክትባት አንቲቦዲ አያፈራምና። ይህን ምርመራ ግን መርፌ በወሰዱ ሰሞን አያድርጉት፦ ክትባቱ ራሱ ያው አንቲጂን ስለሆነ፣ እስከ 18 ቀን ድረስ በሐሰት «ቫይረሱ አለብዎት» ሊያሰኝ ይችላል።

መርፌው ክንድ ላይ ይሁን፤ መቀመጫ ላይ ሲወጋ ምላሹ ይዳከማል። ክትባቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በረዶ ከሠራ ይጣል፤ ቢቀልጥም አይመለስም።