4,500 ብሩን ስትቀበዪ ምን ላይ ፈረምሽ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት 3 ዓመት ሠርቻለሁ። መሠረታዊ ደመወዜ 2,400 ብር ነው፤ ከትርፍ ሰዓትና ከማበረታቻ ጋር ግን እስከ 3,600 ብር አገኝ ነበር። የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ትዕዛዝ ቀንሷል ተብዬ 4,500 ብር ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ካሳ ይገባኛል? ስንት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ገንዘቡ ከማውራታችን በፊት ስላልጻፍሽው ነገር እንነጋገር። የወጣሽበትን ቀን አልነገርሽኝም። የስንብት ደብዳቤ ይሰጥሽ አይሰጥሽ አልጠቀስሽም። ከሁሉም በላይ ደግሞ 4,500 ብሩን ስትቀበዪ ምን ላይ እንደፈረምሽ ዝም ብለሻል። ፋብሪካ ያለ ፊርማ ብር አይከፍልም። «አይጠቅምም» ብለሽ ትተሽው ከሆነ ተሳስተሻል፤ ደብቀሽው ከሆነም ከጠበቃሽ የምትደብቂው ወረቀት ፍርድ ቤት በአሠሪሽ እጅ ይቀርባል። ጉዳይሽ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ነውና ቁጭ ብለሽ አስታውሺው።

የሕጉን ጉዳይ ባጭሩ ልጨርሰው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ እንዳያሰናብት ይከለክላል። ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋትና ሕጉን የተከተለ የሠራተኛ ቅነሳ ብቻ የተለዩ ናቸው። «ትዕዛዝ ቀንሷል» ተብሎ አንድ ሰው ስለወጣ ደግሞ ቅነሳ ተደረገ አይባልም። ቅነሳ ለመባል ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው መንካት አለበት፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋርም ምክክር ይጠይቃል። በዚያም ጊዜ ቢሆን ነፍሰ ጡሮች ተራቸው መጨረሻ ላይ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ወሩን ለ30 አካፍለን የቀን ደመወዝሽን 80 ብር ብንይዝ፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ይታከልበታል፤ ለ3 ዓመት 50 ቀን፣ ማለትም 4,000 ብር ይሆናል። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ የ180 ቀን ካሳ 14,400 ብር፣ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 4,800 ብር ይጨመራል። ድምሩ 23,200 ብር ነው፤ የተቀበልሽው 4,500 ከዚህ ይቀነሳል፣ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይታሰባል። መነሻው 3,600 ያልሆነው ትርፍ ሰዓትና ቦነስ በአዋጁ ደመወዝ ስለማይባሉ ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል እንጂ ራሱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አላስቀመጠም። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ ትንሽ፣ ማበረታቻው ብዙ የሆነበት የፋብሪካ ክፍያ ሠራተኛዋን ሁለት ጊዜ ይጎዳታል፦ በየወሩ አንዴ፣ በምትወጣበት ቀን ደግሞ አንዴ። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው፤ ያንቺ ክርክር ግን ዛሬ ባለው ሕግ ነው የሚካሄደው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሴቶች ልጆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ይጠራሻል። ጠረጴዛው ላይ ክሊራንስ (የእጅሽን ንብረት ማስረከብሽን የሚያረጋግጥ ወረቀት) አለ፣ የክፍያ ሰነድ አለ፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ፈርሚ፤ የሥራ ልምድሽን ከዚያ ትወስጃለሽ» ትባያለሽ። ያ ሌላው ወረቀት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ውጤታቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

«ሒሳቤን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ ብዙ አትደንግጪ። ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት ቢተው መተዉ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ 4,500 ብር መቀበልሽን ያስረዳል፤ በቀረው መጠየቅ ትችያለሽ።

«ውሉን በስምምነት አቋርጠናል» የሚል ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ሠራተኛውን ያስራል። እዚያ ውስጥ ያለ የመብት መተው ባይጸናም፣ «አሰናበቱኝ» ብለሽ የ180 ቀን ካሳ ለመጠየቅ በመጀመሪያ ስምምነቱን ማፍረስ ይኖርብሻል።

«በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ከሆነ ዋናው ወጥመድ እሱ ነው። በወረቀቱ መሠረት ማንም አላሰናበተሽም። ወደ ሥራ መመለስ የለም፣ ካሳ የለም፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያ የለም። በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው 5 ዓመት ካገለገለ ነው፤ አንቺ 3 ዓመት ነው ያለሽ። ይባስ ብሎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ እንደወጣሽ ተቆጥሮ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ ካሳ ሊጠይቅሽ ይችላል። «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማስረዳት ያንቺ ግዴታ ነው።

ይህ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚለው መልቀቂያ የሚፈተነው በዙሪያው ባሉ ነገሮች ነው። በተመሳሳይ ሳምንት የወጡ ጓደኞችሽን ፈልጊ፤ መልቀቂያቸው ቃል በቃል ካንቺው ጋር አንድ ከሆነ፣ ቦታው ላይ ስምና ቀን ብቻ የተሞላበት ፎርም ከሆነ፣ ራስሽ እንዳልጻፍሽው ያሳያል። የእርግዝና ክትትል ካርድሽንና የሕክምና ማስረጃ ለፋብሪካው ያስገባሽበትን ቀን ፈልጊ፤ ማስረጃው በገባ በቀናት ውስጥ «መልቀቂያ» ከተፈረመ ዳኛ ያስተውለዋል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ያላት ሴት (በሳምንት 6 ቀን ሥራ ብናሰላው ያንቺ ወደ 11,000 ብር የሚጠጋ ነው) ይህን ጥላ 4,500 ብር ይዛ በፈቃዷ የምትወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ጠበቃሽ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ለአሠሪው ምስክር ያቅርብልሽ።

የሥራ ልምድ ማስረጃን በተመለከተ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። «መልቀቂያ ካልፈረምሽ አንሰጥሽም» መባሉ ሕገወጥ ነው። ገና ያልፈረሙ ጓደኞች ካሉሽ ንገሪያቸው፦ ያላነበቡትን አይፈርሙ፣ ቀኑ ባዶ በሆነ ወረቀት ላይ አይፈርሙ፣ መፈረም ካልቀረ ከፊርማቸው አጠገብ «ሥራ ለመልቀቅ አልጠየቅኩም፣ ክፍያውን ብቻ ተቀብያለሁ» ብለው በእጃቸው ይጻፉ፣ በስልካቸውም ፎቶ ያንሱት።

የወጣሽበትን ቀን የጠየቅኩሽ በከንቱ አይደለም። ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ውሉ በመቋረጡ ለሚጠየቁ ክፍያዎች 6 ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓትም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል፤ የቆየ ትርፍ ሰዓት ካለሽ በየወሩ እየወደቀ ነው። ሽማግሌ መላክ፣ ሱፐርቫይዘሩ ጋ መደወል፣ «እያየንልሽ ነው» የሚል የቃል ተስፋ ይህን ጊዜ አያቆመውም። የሚያቆመው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የሥራ ጉዳይ ቢሮ የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው ዕዳውን አምኖ የሰጠው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ፋብሪካው በጽሑፍ አመልክተሽ የፈረምሽውን ወረቀት ቅጂ ጠይቂ፤ የማመልከቻሽን ቅጂ «ደርሶናል» አስብለሽ ያዢ። የቅጥር ውልሽን፣ የመጨረሻዎቹን ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የክትትል ካርድሽን ሰብስቢ። በጡረታ የተመዘገብሽ መሆንሽንም አጣሪ፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መግባት ነበረበት። በሠራተኛ አቤቱታ ላይ የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ ከገንዘብ እጥረት የተነሣ አትቅሪ። የጠበቃ አቅም ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ። ይህ መልስ አንቺ በነገርሽኝ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ወረቀቱን በዓይኑ ያላየ ጠበቃ ቁርጥ ያለ ምክር ሊሰጥሽ አይገባም። ቅጂው ባይሰጥሽም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ እስኪያልፍ አትጠብቂ፤ አቤቱታሽን አስገቢ፣ ወረቀቱን እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ አሠሪውን እንዲያዝልሽ በዚያው አመልክቺ።