ከግራሙ በፊት ሕዋሷን እዩ

«ጋሼ፣ ሕዋሴ የምታወጣው የመድኃኒት ፕሮቲን በሊትር 8 ግራም ደረሰ!» ብሎ አንድ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ ከልቤ ነው። ግን ምላሴ አላርፍ አለና «ሕዋሷን ስንት ትውልድ አሻገርካት? ፕሮቲኑ ላይ የሚለጠፈው ስኳርስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ወደዚህ ሙያ ለምትመጡት ለእናንተ ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ መድኃኒት የሚያመርት ሕዋስ ሳረባ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

የምናረባት ሕዋስ ከቻይና ሃምስተር የእንቁላል ዕጢ የተወሰደች ናት። በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎራዶ ውስጥ ቴዎዶር ፐክ ነው ያወጣት። ላቦራቶሪ ውስጥ «ቾ» እንላታለን። ሃምስተሯ ከሞተች ስንት ዘመን ሆናት፤ ሕዋሷ ግን እንደ እናቴ እርሾ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተሻገረች እስከ ዛሬ አለች። እርሾ ደግሞ በየቤቱ ጠባዩ ይለያያል፤ ቾም እንዲሁ ናት።

«ባክቴሪያ አይበቃም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ለኢንሱሊን በቅቷል፤ በ1982 ፈቃድ ያገኘው በባክቴሪያ የተሠራ ነው። ኢንሱሊን ግን ትንሽ ነው፣ ስኳርም አይለጠፍበትም። ትልልቆቹን ፕሮቲኖች አጣጥፎ፣ አገጣጥሞ፣ የሰው የሚመስል የስኳር ሰንሰለት ለጥፎ ማውጣት የአጥቢ እንስሳ ሕዋስ ሥራ ነው። በ1987 የረጋ ደም የሚያሟሟው ቲ.ፒ.ኤ. ከቾ ተመርቶ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ በ1989 ለኩላሊት ሕሙማን የደም ማነስ የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን ተከተለ። ልጁን ስለ ስኳሩ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ኤሪትሮፖይቲን የስኳሩ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባለው ስኳር ከሌለው ጉበት ከደም ውስጥ ቶሎ ለቅሞ ያስወግደዋል። በሊትር የፈለጋችሁትን ያህል ግራም አምርቱ፤ ደም ውስጥ የማይቆይ መድኃኒት ለበሽተኛው ምን ይፈይድለታል?

ወደ ብዛቱ ልምጣ። በ1980 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጌይል ኡርላውብና ሎውረንስ ቻሲን ዲ.ኤች.ኤፍ.አር. የሚባለው ኢንዛይም የጎደላት ቾ አወጡ። ይህች ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. የምትሠራበትን ግብአት ከውጭ ካልሰጧት አታድግም። እንግዲህ የኢንዛይሙን ጂን ከመድኃኒቱ ጂን ጋር አጣምረው ያስገቡላታል፤ ከዚያ ኢንዛይሙን የሚያግደውን ሜቶትሬክሴት ቀስ እያሉ እየጨመሩ ያስጨንቋታል። የምትተርፈው ጂኑን ያባዛች ናት፤ የመድኃኒቱም ጂን አብሮ ይባዛል። ተንኮል ነው፤ ግን እንዴት ያለ የሚያምር ተንኮል!

እኔም ጉድ የሆንኩት በዚሁ ነው። ከ24 ክሎኖች (እያንዳንዱ ከአንዲት ሕዋስ የተባዛ ዘር ነው) በምርት አንደኛ የወጣችውን መርጬ ሌሎቹን አስጣልኩ፤ ለፍሪዘር ቦታ ብዬ፣ አስቡት! ሜቶትሬክሴቱ ከተነሳ በኋላ በ10ኛው ሳምንት ምርቷ በግማሽ ወረደ። ለካ ጭንቀቱ ሲነሳላት ያን ሁሉ ጂን የምትሸከምበት ምክንያት የላትም፤ ሸክሙን የጣሉት ሕዋሶች ፈጥነው ተባዝተው ጠርሙሱን ሞልተውታል። ሥራው ከዜሮ ተጀመረ፣ ግማሽ ዓመት ሄደ። የተቆጣኝም የለም፤ ሪፖርቱን ራሴ መጻፌ በቂ ነበር። እናንተ ቢያንስ አምስት ስድስቱን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ሳታስቀምጡና 60 ትውልድ ያህል ሳታሻግሩ አሸናፊ አትሹሙ።

ጂን መጨመር ብቻውን ምርት ይጨምራል ማለትም የዋህነት ነው። ሊጥ ብታበዙ ምጣዱ አንድ ነው። የሕዋሷ ምጣድ ፕሮቲን የሚታጠፍበት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው። ብዙ ጊዜ ከቾ የምናወጣው መድኃኒት ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በጣም የተለመደው ዓይነት ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለት አለው፤ ከባዱ ቀላሉን እስኪያገኝ ቢፕ የሚባል ፕሮቲን ጨብጦ አያስወጣውም። አንድ ጊዜ እኛ ሽማግሌዎቹ ከባዱን ለማብዛት ስንጋጋጥ፣ ገና ከትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ቀላሉን ብቻ ጨመረችና ምርቱ ከፍ አለ። ያልታጠፈ ፕሮቲን ሲከማችባት ሕዋሷ መጀመሪያ ሥራ ትቀንሳለች፤ ካልቀለላት ራሷን ትገድላለች።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ምርቱ በሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ነበር፤ ዛሬ 5 ግራም ብርቅ አይደለም። ጂኑን እየነካካን ብቻ እዚህ አልደረስንም። ምግቧ ተስተካክሎ፣ በዝታ፣ ሁለት ሳምንት ያህል በሕይወት መቆየቷ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ከ37 ዲግሪ ወደ 33 ዝቅ ስትደረግ እንኳ መባዛቷን ገታ አድርጋ ማምረቷን የምትቀጥል አለች፤ ሁሏም ግን አይደለችም፣ ሞክሮ ማየት ነው። በ2004 ደግሞ ጃፓኖች ኤፍ.ዩ.ቲ.8 የሚባለውን ጂን ከቾ አጠፉና ፉኮስ የሚባለው ስኳር የሌለው ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሶች በእሱ እየተመሩ የካንሰር ሕዋስን አጥብቀው ይገድላሉ። ግራሙ ባይጨምርም የእያንዳንዱ ግራም ጉልበት ጨመረ። እንዲህ ያለ ሥራ ያስቀናኛል።

ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጡ። ትሪፓን ብሉ የሚባለውን ቀለም ጠብ አድርጋችሁ እዩ፤ የሞቱት ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ደኅነኞቹ ክብ ናቸው፣ ጠርዛቸው ያበራል። መቁጠሩን ማሽን ይቆጥራል፤ እኔ ግን ጠርዛቸው መኮማተሩን በዓይኔ አይቼ፣ ቁጥሩ ከመውረዱ አንድ ቀን ቀድሜ የደረስኩበት ጊዜ አለ።

ልጁ ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። ስድስት ክሎን ናይትሮጅን ውስጥ አስገብቷል። የ8 ግራሟን ማሻገር ጀምሯል፤ ገና 20ኛ ትውልድ ላይ ናት። የስኳሩ ናሙና ሰኞ ይላካል።