ማሰራጫው ጠዋት ቀድሞ የሚበራው፣ ማታ ሞገዱ የሚቀየረው ለምንድን ነው? (መልስ)

በ1950ዎቹ የነበሩ ብሔራዊ የሬዲዮ ጣቢያዎች ስርጭት ከመጀመራቸው በፊት ማሰራጫውን ለምን እንደሚያሞቁ፣ ማታስ ለምን ሞገድ እንደሚቀይሩ ጠይቀሃል።

ማሞቁ የግድ ነበር። ያኔ ለማሰራጫው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የሜርኩሪ ትነት ያለባቸው ሬክቲፋየር ቱቦዎች (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስተካክሉ) ነበሩ። መጀመሪያ ፊላመንቱ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ ያለው የሚሞቀው ሽቦ፣ ብቻ ይበራል፤ ሳይሞቅ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከተለቀቀበት የሽቦው ሽፋን ይላጥና ቱቦው ይሞታል። አዲስ የተገጠመ ወይም የተጓጓዘ ቱቦ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሜርኩሪው አኖዱ (ኤሌክትሮን ተቀባዩ ጫፍ) ላይ ተረጭቶ ስለሚቆይ፣ ካልተነነ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ በብልጭታ ይመታል፣ ፊውዝም ይበላል። ቸኩሎ ማብሪያውን የጫነ ቴክኒሺያን ዋጋውን ወዲያው ያየዋል።

ሞገዱን በተመለከተ፣ ቀን ላይ ከፍ ባለው ከባቢ አየር ውስጥ በፀሐይ የሚፈጠረው የታችኛው የአዮን (ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች) ንብርብር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲን ይውጣል። ስለዚህ አጭር ሞገድ ቀን በ25 ወይም በ31 ሜትር ይሠራል፤ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ከፍ ይላልና። ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋል፤ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው ንብርብርም ስለሚሳሳ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ሳይመለስ ወደ ጠፈር ያልፋል። ያን ጊዜ ወደ 49 ወይም 60 ሜትር ይወረዳል። መቀየሪያው ሰዓት ካለፈ ድምፁ እየዋዠቀ ይጠፋል፤ አድማጩም ሬዲዮዬ ተበላሸ ብሎ ጀርባውን ይፈታል።