ያከምሁት የጠላት ወታደር ተመልሶ ቢገድልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። በጦር ግንባር የሠራዊቱ ነርስ ነበርሁ። ከወገን ቁስለኞች ጋር አንድ የጠላት ወታደር አመጡልኝ፤ ጭኑ ተመትቶ ደሙ ይፈስ ነበር። ደሙን አቁሜ ቁስሉን አሰርሁለት፣ ተረፈ። ጓደኞቼ ግን «ነገ ተመልሶ የእኛን ልጅ ይገድላል፤ ደሙ በአንተ ላይ ነው» አሉኝ። እኔም ሳክመው በልቤ እጠላው ነበር። በድያለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያን ሰው ማዳንህ ኃጢአት አይደለም። ንስሐ የምትገባው በልብህ ስለያዝኸው ጥላቻ ነው።

የጓደኞችህ ስጋት ከንቱ ነው አልልህም፤ መጽሐፍ ቅዱስም አይሸሽገውም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የሶርያ ወታደሮች ሳያውቁት ሰማርያ መካከል ሲገኙ የእስራኤል ንጉሥ «ልግደላቸውን?» ብሎ ኤልሳዕን ጠየቀ። ነቢዩ ከለከለው፤ እንጀራና ውኃ አቅርቦ እንዲሰድዳቸው አዘዘው። አደጋ ጣዮቹም ከዚያ ወዲያ እንዳልመጡ ተጽፏል። ስንሰብክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። የሚቀጥለው ቁጥር ግን የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሠራዊቱን ሁሉ ሰብስቦ ሰማርያን እንደ ከበበ ይናገራል፤ እናት ልጇን እስክትበላ ያደረሰ ረኃብም ሆነ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ መጽሐፍ ያን ማዕድ ስሕተት ነበር አይልም።

ጌታችንም ሊይዙት ከመጡት አንዱ የሆነውን የማልኮስን ጆሮ ሲፈውስ ሰውዬው ከእነማን ጋር እንደ መጣ፣ እነርሱም ወዴት ሊወስዱት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ፈወሰው፤ እነርሱም ጌታን አስረው ወሰዱት። ያከምኸው ወታደርም ድኖ ስለሚሠራው እርሱ ይጠየቅበታል። አንተ የምትጠየቀው በፊትህ ይፈስ ስለነበረው ደም ነው።

በ1944 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር፣ በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ አንጎቪል ኦ ፕላን በምትባል ትንሽ መንደር ሮበርት ራይትና ኬኔት ሙር የተባሉ የአሜሪካ አየር ወለድ ጦር የሕክምና ወታደሮች ወደ 80 የሚጠጉ ቁስለኞችን በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አከሙ። አሜሪካዊም ጀርመናዊም ነበረባቸው፤ መሣሪያ ግን ከደጅ ይቀር ነበር። ጀርመኖች መንደሩን መልሰው ሲይዙ ገብተው አዩ፤ የእነርሱም ወገን እንደሚታከም ሲመለከቱ ሳይነኳቸው ወጡ። ደም የነካቸው የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች እስከ ዛሬ አሉ።

መድኃኒቱ ለሁሉ ባይበቃስ? አልጠየቅኸኝም፤ ነገር ግን ሌላ ነርስ ያነበው ይሆናልና ልናገረው። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ቅድሚያ የሚሰጠው በሕክምና አጣዳፊነት ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ከእምነታችን ጋር አይጣላም። ደሙ እየፈሰሰ ያለውን ማስቀደም ወገንን መክዳት አይደለም።

ወደ ጥላቻው ልመለስ። ሐዋርያው በሮሜ 12፥20 ጠላትህ ቢራብ አብላው ሲል፣ መጀመሪያ ልብህ እስኪወደው ጠብቅ አላለም። ልብህ እየጠላው እጅህ ትእዛዙን ፈጸመ፤ ይህን እንደ ግብዝነት አትቁጠረው። ልብ ከእጅ ዘግይቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ለንስሐ አባትህ ግን ጥላቻውን ሳትሸፍን ንገራቸው። ስለዚያም ሰው ጸልይ፤ ስሙን ባታውቅ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ጓደኞችህን አትከራከራቸው። አብረው የበሉትን ወንድም የቀበሩ ናቸው፤ የተናገሩህም ከዚያ ሐዘን ነው። ወደ ንስሐ አባትህ ስትሄድ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እነርሱንም ይዘሃቸው ሂድ።