ከኮንሰርት በኋላ መንገድ ላይ ለምታገኟቸው

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሚክሰር (የድምፅ ማቀናበሪያ) ጀርባ ቆሜ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ። ሙዚቀኞችን በኋላ በር ሲገቡና ሲወጡ ነው የማውቃቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት አጭር አጋጣሚ ነው። ኮንሰርቱ አልቆ ታክሲ ስትፈልጉ፣ የምትወዱት ሙዚቀኛ ድንገት ከፊታችሁ ብቅ ይላል። ያኔ ምን ትሉታላችሁ?

ለእኛ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ የሐበሻ ኮንሰርት የሚደምቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ተጠቃሎ ሲያልቅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ዩ ስትሪት አካባቢ ኪቦርዲስቱን ኪቦርዱን አዝሎ፣ ድራመሩን የሲምባል ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ የሚበላ ነገር ሲፈልጉ ታገኟቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እወቁለት። መድረክ ላይ ከበሮው ከጀርባው፣ ሞኒተሩ (የመድረኩ ድምፅ ማጉያ) ከፊቱ ሲጮሁበት ነው ያመሸው። ሲወርድ ጆሮው ጭው ይልበታል፤ የሰው ንግግር ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማዋል። ጠርታችሁት ካልዞረ «ኮራብን» ብላችሁ አትቀየሙት። ላይሰማችሁ ይችላል። ፊት ለፊቱ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አናግሩት። ድምፃዊ ከሆነ ደግሞ ጉሮሮው ዝሏል። በመኪና ጩኸት መሀል አስጩኻችሁ አታስወሩት፤ ድምፁ ነገም ያስፈልገዋል። ላቡም ገና አልደረቀም፣ የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በር ላይ ገትራችሁ አታቁሙት። ወደሚሄድበት እየተራመዳችሁ አውሩት።

ስልኩ ትንሽ ይቆይ። ፎቶ አትነሱ አልልም፣ እኔም ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸው አሉኝ። ሰላምታው ግን ይቅደም። የምንወደውን ዘፋኝ ቤታችን ውስጥ «እሱ»፣ «እሷ» እያልን ነው የምናወራለት። ፊት ለፊት ሲሆን፣ በዕድሜ ትልቅ ከሆኑ «ጋሼ» በሏቸው፣ አንቱታው ይምጣ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጨብጧቸው። የደከመ ሰው ክብር ሲሰጡት ፊቱ ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ሌሊት ዋሽንግተን ውስጥ ዕቃ ጭነን ስንጨርስ፣ ጥቂት ልጆች ድምፃዊውን ከበው ፎቶ ሊነሱ ይሻማሉ። ስልኩን የሰጡት ለቤዝ ጊታሪስቱ ነው። «ወንድም፣ እስቲ አንሳን» አሉት። ሲያስጨፍራቸው ያመሸው እሱ መሆኑን አላወቁም። ሳይከፋው አነሳቸው። ስልኩን ሲመልስ አንዲት ልጅ ልብ ብላ አየችው። «አንተ ነህ እንዴ ቤዙን የተጫወትከው? ትዝታው ላይ ሁሉም ዝም ሲል አንተ ብቻ የቀጠልክባት ቦታ እናቴን አስታወሰችኝ» አለችው። ሰውየው መልስ አጣ። ያቺን ቦታ ልምምድ ላይ ያመጣት ራሱ ነበር። «ትውጣ» ሲባልም ተከራክሮላታል። ቤቱ እስክናደርሰው ድረስ መኪና ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ሰምታዋለች እኮ!» ይለኛል ደጋግሞ።

ልጆቼ፣ «አድናቂህ ነኝ» የሚለውን ሙዚቀኛው በየምሽቱ ይሰማዋል። ደስ ይለዋል፣ አይጠላውም። ግን መድረክ ላይ መብራቱ ዓይኑን ስለሚወጋው የእናንተን ፊት አያይም። የቱ ጋ እንደነካችሁ የሚያውቀው ስትነግሩት ብቻ ነው። አንዲት ቦታ ምረጡና ንገሩት። የሳክስፎኗን መግቢያ፣ ክራሩ ብቻውን የቀረበትን፣ ግጥሙ ውስጥ የያዛችሁን አንድ ስንኝ።

ይህን ሳስብ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ይመጡብኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥተው እዚያው ቀሩ። ለብዙ ዓመታት ከዱለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ፣ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይይዙ ነበር። ወረፋ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዳሉ። ስንቱ መንገደኛ ሻንጣውን አስጭኖ ከኋላ ተቀምጦ፣ ማን እየነዳው እንደሆነ ሳያውቅ ወረደ! እ.ኤ.አ. በ1985 የሠሩትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አወጣው። ከዚያ በኋላ በየሀገሩ መድረክ ላይ ተመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2018ም አዲስ አልበም አሳተሙ። እሳቸው በሁሉም ዘመን ያው ሙዚቀኛ ነበሩ። የጎደለው የሚያያቸው ሰው ነው።

ሙዚቃ ለምትጀምሩት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ሰዓት ፍላሽ አታቀብሉ፣ «እስቲ ይቺን ስማልኝ» ብላችሁ ስልክ ጆሮው ላይ አትደቅኑ። የደከመ ጆሮ ሥራችሁን አይፈርድላችሁም። በምትኩ ጥያቄ ጠይቁ። «ከባቲ ቅኝት ወደ አምባሰል ቅኝት ስትሻገሩ እንዴት ነው የምትግባቡት?» ብትሉት ድካሙን ረስቶ ያስረዳችኋል። ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ የት እንደሚያደርስም እዩ። ማህሙድ አህመድ ልጅ ሆኖ ሊስትሮ ሠርቷል። አዲስ አበባ፣ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ድምፃዊ ሲቀር ነው መድረኩ የተከፈተለት። ቀን ከሌት ሲያዳምጥ ስለነበር ዘፈኖቹን ያውቃቸዋል።

የሮሃ ባንድን አጨዋወት በስንት ድምፃዊ ሥራ ውስጥ ሰምታችሁታል! ጊታሩ የሰላም ሥዩም፣ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ መሆኑን የሚያውቅ ወጣት ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ድሮ የካሴቱ ሽፋን ላይ ስማቸውን እናነብ ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የድምፃዊው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ኮንሰርት፣ ድምፃዊው ባንዱን አንድ በአንድ ሲያስተዋውቅ ቪዲዮውን አቁሙና ስማቸውን ያዙ። ጩኸቱ ከዋጠው አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፣ እሱም ካላወቀ እኛ ሚክሰሩ ጋ ነን፣ መጥታችሁ ጠይቁን።